የጋራ ሐሳብ፣ ሁለተኛ ረቂቅ፦ ቤት፣ የሙዚቃ ትምህርትና የወጣቶች ምርጫ

አስተባባሪ፦ ውድ አባላት፣ የምናቅደው ጥናት የዓላማ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «የሙዚቃ ትምህርት የወጣቶችን ጣዕም እንደሚያሻሽል ማሳየት»። አስተያየታችሁን እስከ ዓርብ።

የቫዮሊን መምህርት፦ «እንደሚያሻሽል» ይውጣልኝ። ሳናጠና ፈረድን እኮ! ልጁ ከቤት ይዞት የመጣውን ዘፈን ገና ከመነሻው ዝቅ ካደረግንበት ማን ነው መጠይቃችንን በቅን ልብ የሚሞላው?

የወላጆች ተወካይ፦ መምህርት ልክ ነዎት። ተመራማሪዎቹ ክሩምሃንስልና ዙፕኒክ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ወጣቶች ወላጆቻቸው ወጣት በነበሩበት ዘመን ለወጣው ሙዚቃም የተለየ ፍቅርና ትዝታ እንዳላቸው ታይቷል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራቸውም። የእኔዋ ልጅ «የአባዬ ዘፈን» እያለች ታሾፍብኛለች፤ ግጥሙን ግን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

የመረጃ ክፍል፦ እኔን የሚያሳስበኝ ንጽጽሩ ነው። ልጁን ሙዚቃ የሚያስተምር ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ቀድሞውኑ ሙዚቃ ወዳድ ነው። የሚማሩትን ከማይማሩት ጋር ብቻ ካወዳደርን ከቤት የመጣውን ተጽዕኖ የመምህሩ ውጤት አድርገን ልንቆጥር እንችላለን። ስለዚህ እያንዳንዱን ልጅ ሲመዘገብ፣ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት እንጠይቀው፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ እንመለስበት። በዚያው ቤት የማይማር ወንድም ወይም እህት ካለ እሱንም እንጨምር፤ ያደጉት አንድ ሙዚቃ እየሰሙ ነውና። ናሙናው ይቀንሳል፣ አውቃለሁ። ቢቀንስም ይሻለኛል።

የፒያኖ መምህር፦ ዕድሜም አይረሳ። ተመራማሪዎቹ ሃናንና ትሬሃብ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ሥራ የስድስት ወር ሕፃናት በማያውቁት ምት ላይ የተደረገን ለውጥ ይለዩ ነበር። የአንድ ዓመቶቹ የሚለዩት በለመዱት ምት ብቻ ነበር፤ ያንን እንግዳ ሙዚቃ ለሁለት ሳምንት ቤታቸው ሲሰሙ ግን ችሎታው ተመለሰላቸው። የስምንት ዓመት ልጅና የአሥራ አራት ዓመት ጎረምሳ በአንድ ሠንጠረዥ አይገቡም።

ወጣት አባል፦ ይቅርታ መምህር፣ ጓደኛ የሚባል ነገር በረቂቁ የለም እንዴ? ደግሞ እናቴ አጠገቤ ቆማ «የምትወደውን ዘፈን ጻፍ» ብትሉኝ የምጽፈው እሷን ደስ የሚላትን ነው። ሰሞኑን በስልካችን ደጋግመን የሰማነውን ጠይቁን፣ ለብቻችን። ትምህርት ያስጠላልም፤ ለፈተና የደጋገምኩትን ሙዚቃ ዛሬም መስማት አልፈልግም።

የቫዮሊን መምህርት፦ ይህ የመጨረሻው ራሱን የቻለ ጥያቄ ይሁን፤ እኛን መምህራንን ደስ ባይለንም። ሌላ፦ ሱዙኪ በሚባለው የሙዚቃ ማስተማሪያ ዘዴ ወላጅ ክፍል ይቀመጣል፣ የሚማረው ሙዚቃ ቅጂም በየቀኑ ቤት ይደመጣል። እዚያ ቤትና ትምህርት ሆን ተብሎ ተቀላቅሏል። ወላጁ ክፍል ይገባ እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር ይኑር።

አስተባባሪ፦ ዓላማው «ትምህርቱ ከቤትና ከጓደኛ ተጽዕኖ ላይ ምን እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ ማየት» ተብሏል። የልጁና የወላጁ ቅጽ ተለያይቷል፤ ዕድሜም በሁለት ተከፍሏል። ያልተቋጨው ቅጹን ማን ይሰብስብ የሚለው ነው። የልጁ የራሱ መምህር ባይሆን ይመረጣል፤ ፈቃደኛ የሆናችሁ እዚሁ ጻፉ።