ላሙ ደሴት በጀልባ ታክሲ፦ ጉልበቷን የሚያማት እናት እንዴት ትሳፈር?

ማሂ (አዲስ አበባ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥር ላይ እማዬን ይዘን ኬንያ፣ ላሙ ደሴት ልንሄድ አስበናል። ወንድሜ ናይሮቢ ስለሚሠራ ቤት የሚይዝልን እሱ ነው። ሁሉም ደስ ብሎታል፣ እኔን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ላሙ ላይ ታክሲው ጀልባ ነው። አውሮፕላኑ ራሱ የሚያርፈው ማንዳ በሚባል ሌላ ደሴት ላይ ስለሆነ፣ ገና ሳንደርስ ጀልባ መሳፈር አለ። ከዚያ ወደ ከተማውም፣ ወደ ሼላ ባሕር ዳርቻም በጀልባ ነው።

እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ቀኝ ጉልበቷን ክፉኛ ያማታል፣ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። መደገፊያ ያለው ደረጃ ከሆነ ቀስ ብላ ትወጣለች። እግሯን ከፍ አድርጋ መሻገር ግን አይሆንላትም። ደግሞ ኩሩ ናት፣ "ተሸክማችሁ መሳቂያ እንዳታደርጉኝ" ብላናለች። እንዲህ ያለ ሰው ይዞ በእነዚያ ትንንሽ ጀልባዎች የሄደ አለ? ምን እንጠይቅ? ምን እንያዝ?

ባሕረኛው (ሞምባሳ)፦

እህቴ፣ ባሕሩን አትፍሪው። በላሙና በማንዳ መካከል ያለው ውሃ በሁለቱ ደሴቶች የተከለለ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ረጋ ያለ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ላሙ ከተማ በሞተር ጀልባ ቅርብ ነው። ፈተናው መሳፈሪያውና መውረጃው ላይ ነው። እሱን ደግሞ የሚወስነው ሰዓቱ ነው።

እዚህ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ከሙላቱ እስከ ጉድለቱ 6 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ በኬንያ ጠረፍ የሙላቱና የጉድለቱ ልዩነት ከ3 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ጠዋት ከመሳፈሪያው ጋር እኩል ቆሞ ያየሽው ጀልባ፣ ከሰዓታት በኋላ ብዙ ደረጃ ወርዶ ታገኚዋለሽ። የታችኞቹ ደረጃዎች ደግሞ ውሃ ውስጥ ስለሚውሉ ያሟልጫሉ። ጤነኛውንም ይጥላሉ።

ስለዚህ ጉዟችሁን ከሙላቱ ሰዓት ጋር አስማሙት። ቀን የመምረጥ ዕድል ካላችሁ ጨረቃ ግማሽ የምትሆንበትን ሳምንት ያዙ፣ ያኔ ልዩነቱ ያንሳል። ጥር ጥሩ ወር ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ቢሆን ኖሮ ከደቡብ የሚነሳው ኩሲ የሚባለው ነፋስ ያስቸግራችሁ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው። ባለጀልባው "ሳ ታቱ" ካለሽ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለቱ ነው። ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳየው ሰንጠረዥ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ እዚያ ላይ 9:00 ተብሎ ታገኚዋለሽ። ሁለቱ ከተምታቱ ሙላቱ አምልጧችሁ ጉድለቱ ላይ ትደርሳላችሁ።

ፊዚዮ (ሐዋሳ)፦

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፣ ጉልበትና ዳሌ ነው ውሎዬ። ባሕረኛው ያለው ልክ ነው። እኔ አካሉን ልጨምር።

እናትሽ ቆመው እንዲሻገሩ አታድርጉ። ተቀምጠው ይሻገሩ። ጀልባው በጎኑ ይጠጋ፣ ከፊትም ከኋላም በገመድ ይያዝ። እሳቸው ጀርባቸውን ለጀልባው ሰጥተው ጠርዙ ላይ ይቀመጡ። ከዚያ እግራቸውን አንድ በአንድ እያነሱ ወደ ውስጥ ይዙሩ። የታመመውን እግር አንቺ ከቁርጭምጭሚት ደግፈሽ አንሺላቸው። መሸከም የሚባል ነገር የለም፣ ክብራቸውም አይነካም። ይህ የሚሠራው ግን የጀልባው ጠርዝ ወንበር በሚያህል ከፍታ ላይ ሲሆን ነው። የሙላቱ ሰዓት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

እሳቸው ጠርዙ ላይ ሲቀመጡ ጀልባው ወደ እሳቸው ያዘነብላል፣ ስለዚህ ወንድምሽ በተቃራኒው ጎን ይቀመጥ። እጃቸውን በጀልባውና በድንጋዩ መሀል እንዳያስገቡ ተጠንቀቁ። የሚረዳቸው ሰው እጃቸውን ይዞ እንዳይጎትት። እሳቸው ራሳቸው የረዳቱን ክንድ ወይም ትከሻ ይያዙ። ሰው ሲጎተት ሚዛኑን ያጣል፣ ትከሻውም ይጎዳል።

ደረጃ ላይ ደግሞ፣ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው ይቅደም።

ትርፌ (አዳማ)፦

እኔ ብሆን ላሙን ትቼ ዲያኒ የሚባለው የኬንያ ባሕር ዳርቻ እወስዳቸው ነበር። ከናይሮቢ ኡኩንዳ በረራ አለ፣ ከዚያ መኪና ሆቴሉ በር ላይ ያወርድሻል። ጀልባ የሚባል ነገር ሳይነኩ ባሕሩን ያያሉ። ሴትዮዋን ለምን ታስጨንቋቸዋላችሁ?

ማሂ፦

ትርፌዬ፣ አመሰግናለሁ። ግን ላሙን የመረጠችው እማዬ ራሷ ናት። የጥንቱን ከተማ በቴሌቪዥን አይታ "እዚያ ነው የምሄደው" ብላ ቁጭ አለች።

ሁለት ጥያቄ ልጨምር። ተጣጣፊ ዊልቸር ብንይዝ ይጠቅማል? መሳፈሪያ በሌለበት፣ አሸዋው ላይ መውረድ ቢኖርስ?

የአባቷ ልጅ (ናይሮቢ)፦

አባቴን ስትሮክ ካገኘው በኋላ ላሙ ወስጄዋለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ዊልቸሩን ያዙት፣ ግን ብዙ ተስፋ አታድርጉበት። የሚጠቅማችሁ ኤርፖርት ላይና በባሕሩ ዳር መንገድ ላይ ነው። ላሙ ከተማ በፈረንጆቹ 2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው እነዚያን ጠባብ መተላለፊያዎች ጭምር ይዞ ነው። አህያና ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚተላለፉባቸው ናቸው፣ መሬታቸውም አባጣ ጎርባጣ ነው። ሼላ ደግሞ አሸዋ ስላለ ጎማው ይሰምጣል። ስለዚህ ወንድምሽ ውሃው ዳር ያለ፣ መኝታው ምድር ቤት የሆነ ቤት ይያዝ። ባሕሩን ለማየት ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ከያዘላችሁ እማማ ለመውጣት ለመውረድ ይቸገራሉ። የላሙ ቤቶች ደረጃ ቀጥ ያለ ነው፣ ብዙዎቹም መደገፊያ የላቸውም።

በባትሪ የሚሠራ ዊልቸር ከሆነ ተዉት። ይከብዳል፣ የባሕር ውሃም ያበላሸዋል።

ትልቁ ምክሬ ግን ይሄ ነው። አንድ ባለጀልባ ምረጡና እስክትመለሱ ድረስ ከሱ ጋር ሁኑ። አባቴን የሚወስደው ልጅ አንዴ ካየው በኋላ የቱን እግር እንደሚያስቀድም ሳንነግረው ያውቅ ነበር። በየቀኑ ለአዲስ ሰው ከማስረዳት ያድናል። ቤቱን የሚያከራየው ሰው ባለጀልባ ያውቃል፣ ከመምጣታችሁ በፊት እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ ጀልባው ጣሪያ አለው? መቀመጫው መደገፊያ አለው? ከነጂው ሌላ ረዳት አለ? ላይፍ ጃኬት በትልቅ ሰው ልክ አለ? "አካል ጉዳተኛ ይዘናል፣ ይመቻል?" ብቻ ብትይ "ሃኩና ሺዳ" ይልሻል፣ ችግር የለም ማለቱ ነው። በዝርዝር ጠይቂ።

ከናይሮቢ የሚበረው አውሮፕላን ትንሽ ነው፣ የራሱ ደረጃ አለው። ቲኬት ሲቆረጥ እርዳታ እንደምትፈልጉ አስመዝግቡ።

ባሕረኛው፦

አሸዋ ላይ ስለመውረድ፦ ጀልባ ዳርቻ የሚጠጋው በፊቱ ነው። የጀልባ ፊት ደግሞ ከፍተኛው ቦታ ነው፣ ከዚያ ዘሎ መውረድ ለእናትሽ አይታሰብም። ነጂውን ሞገዱ ረጋ ባለበት ቦታ በጎኑ እንዲጠጋ ጠይቁት። በጎን ሲወርዱ ውሃው እስከ ጉልበት ሊደርስ ይችላል። እዚያ አካባቢ የፕላስቲክ ወንበር ውሃው ውስጥ አስቀምጠው እንደ ደረጃ ይጠቀሙበታል።

ፊዚዮ፦

ወንበሩ ላይ አልስማማም። አሸዋው ከሥሩ ሲሸሽ አንዱ እግር ይሰምጥና ይገለበጣል። የግድ ከሆነ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ተጭኖ ይያዘው፣ እናትሽም ይቀመጡበት እንጂ አይቁሙበት። ከጀልባው ጠርዝ ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ መሬት።

ባሕረኛው፦

ተቀብያለሁ። ለማንኛውም ሼላ ላይም የድንጋይ መሳፈሪያ አለ፣ በሙላት ሰዓት ከደረሳችሁ ወንበርም አያስፈልግም። መሳፈሪያ የሌለበትን ዳርቻ ከጀልባው ሆነው ቢያዩት ይበቃል።

ጽጌ (ባሕር ዳር)፦

እኔ ባሕር አላውቅም፣ ጣናን ነው የማውቀው። እናቴን ገዳም ለማሳለም ስንወስዳት ያስቸገረን ልብሷ ነበር። ረጅም ቀሚስ ጠርዙ ላይ ይያዛል፣ ነጠላ ደግሞ ነፋስ ይወስደዋል። ከሥር ሱሪ ይልበሱ፣ ነጠላዋ ቦርሳ ውስጥ ትቆይ። ጫማቸው ከኋላ የሚታሰር፣ ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን። ምርኩዙ ላይ ገመድ አስሩና አንጓቸው ላይ ይንጠልጠል። የደም ግፊት ኪኒን ከወሰዱ ሽንት ሊያጣድፋቸው ይችላል፣ ሐኪማቸውን ስለ ሰዓቱ ጠይቁ። እነዚያ ጀልባዎች ሽንት ቤት የላቸውም።

ከመሄዳችሁ በፊትም አንድ ቅዳሜ ሐዋሳ ወይም እዚህ እኛ ጋ መጥታችሁ ጀልባ ላይ መቀመጥና መነሳት ተለማመዱ። ሐይቅ እንደ ባሕር በየሰዓቱ አይሞላም አይጎድልም፣ ለመለማመድ ይመቻል።

የአባቷ ልጅ፦

የጽጌ ሐሳብ አሪፍ ነው! ሁለት ነገር ልጨምር። ላይፍ ጃኬቱን መሬት ላይ እያሉ ያልብሷቸው፣ በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ማልበስ ከባድ ነው። ደግሞ ወደ ኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ ያስቀምጧቸው። ፊት ለፊት ከተቀመጡ እያንዳንዱ ሞገድ ጉልበታቸው ላይ ነው የሚያርፈው።

ማሂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማዬ አነበበችው። ተቀምጦ መሻገሩን ሶፋው ጠርዝ ላይ እየሞከረች ነው። የፕላስቲክ ወንበሩን ግን "ሞቼ ነው" ብላለች። ዋጋውስ እንዴት ነው?

ባሕረኛው፦

ከብዙ ሰው ጋር ተጋርቶ መሄድ ይረክሳል። ለእናንተ ግን ጀልባውን ለብቻ መያዝ ይሻላል። ሌላ ተሳፋሪ ከኋላ ሆኖ "ቶሎ በሉ" አይላችሁም። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተስማሙ፣ የመመለሻውንም ጨምራችሁ፣ ለዕቃ ተሸካሚውም ለብቻው። ክፍያው ሁላችሁም መሬት ከረገጣችሁ በኋላ ይሁን። ወንድምሽ ኤምፔሳ ስላለው በስልክ ይጨርሰዋል። እማማ ሲሳፈሩ የጀልባውን ልጆች "ፖሌ ፖሌ" በሏቸው፣ ቀስ በሉ ማለት ነው፣ ይሰሟችኋል።