ሁለት ሰርቨር፣ አንድ ሎግኢን፦ ኩኪው እያለ ለምን ያስወጣል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የፒኤችፒ ሳይት በሁለት የኡቡንቱ ሰርቨሮች ላይ ይሠራል፤ ከፊት ኤንጂንኤክስ ሎድ ባላንሰር ሆኖ የሚመጣውን ጥያቄ ለሁለቱ ያከፋፍላል። ተጠቃሚው ሎግኢን አድርጎ ሁለተኛ ገጽ ሲከፍት እንደገና ፓስወርድ ይጠየቃል። ሪፍሬሽ ሲያደርግ ገብቷል፣ ሲደግም ወጥቷል። ኩኪው ብሮውዘሩ ላይ አለ። ሱቁ ያለበት ሳብዶሜይን ላይም አንዴ የገባ ሰው እንደገባ እንዲቆይ እፈልጋለሁ። አይፒ ሃሽ (ከአንድ አድራሻ የሚመጣውን ሁልጊዜ ወደ አንድ ሰርቨር የሚመራው የኤንጂንኤክስ ቅንብር) ማብራት ይበቃል?

መልስ 1
ኩኪው የሚይዘው መለያ ቁጥር ብቻ ነው፤ ማን እንደገባ የሚናገረው ዳታ፣ ማለትም ሴሽኑ፣ ሰርቨሩ ውስጥ ነው። ፒኤችፒ ሌላ ካልታዘዘ ዳታውን በፋይል ያስቀምጣል፤ ሰርቨር 1 የጻፈውን ፋይል ሰርቨር 2 አያየውም። አንዴ ገብቶ አንዴ የሚወጣው ባላንሰሩ በየተራ ስለሚያድል ነው።

አይፒ ሃሽ ማስታገሻ ነው። በአይፒቪ4 የሚያየው የአድራሻውን የመጀመሪያ ሦስት ክፍሎች ብቻ ስለሆነ፣ በሞባይል ዳታ ከተቀራራቢ አድራሻ የሚመጣ ሕዝብ በሙሉ አንዱ ሰርቨር ላይ ይከመራል። ያ ሰርቨር ከወደቀ ደግሞ ሁሉም ይወጣል።

ሁለቱም ሰርቨሮች ሴሽኑን አንድ ቦታ እንዲያገኙት ሬዲስን (ዳታን በሜሞሪ የሚይዝ ዳታቤዝ) በሦስተኛ ማሽን ላይ ጫን። በሁለቱም ሰርቨሮች የፒኤችፒ ሬዲስ ኤክስቴንሽን አስገባ፤ ሴሽኑ በምን እንደሚቀመጥ የሚወስነውን ሴቭ ሃንድለር ከፋይልስ ወደ ሬዲስ ቀይር፤ የት እንደሚቀመጥ በሚናገረው ሴቭ ፓዝ ላይ የሬዲሱን የውስጥ አይፒ፣ ፖርት 6379 እና ፓስወርዱን ስጥ። ከዚያ ፒኤችፒ ኤፍፒኤምን (ፒኤችፒን የሚያስኬደውን አገልግሎት) ሪስታርት አድርግ። ዳታው የሚጻፍበትን ቅርጽ የሚወስነው ሰሪያላይዝ ሃንድለርም በሁለቱ አንድ ካልሆነ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ ያቅተዋል። ፖርቱን ለኢንተርኔት እንዳትከፍት፣ አደራ።

መልስ 2
ከላይ ባለው ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። በፋይል ሲሆን ፒኤችፒ ሁለት ጥያቄ በአንዴ እንዳይጽፍበት ሴሽኑን ራሱ ይቆልፋል፤ የሬዲሱ ኤክስቴንሽን ግን መቆለፊያው ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ሁለት የአጃክስ ጥያቄዎች (ገጹ ሳይታደስ ከጀርባ የሚላኩ) እኩል ከመጡ የኋላው የፊተኛውን ይደመስሳል፣ ቅርጫት ውስጥ የገባ ዕቃ ይጠፋል። ሴሽን ሎኪንግን አብራ። ሌላው ጂሲ ማክስ ላይፍታይም፣ ያልተነካ ሴሽን የሚቆይበት ጊዜ፣ ነው፦ ቅንብሩ ካልተቀየረ 1440 ሰከንድ፣ ማለትም 24 ደቂቃ ነው፤ ሬዲስም ቁልፉን የሚያጠፋው በዚሁ ልክ ነው። ረጅም ፎርም የሚሞላ ሰው መሃል ላይ ይወጣብሃል።

ጠያቂው
ሬዲሱ ሠርቷል፣ ተባረኩ። ኩኪ ዶሜይኑንም (ኩኪው የሚላክበትን አድራሻ) ወደ ዋናው ዶሜይን ቀየርኩት፤ ሱቁ ግን አንዳንዱን ያስገባል፣ አንዳንዱን አያስገባም።

መልስ 3
የማይገቡት ድሮ ሱቁን የከፈቱ ናቸው። ዶሜይን ሳይጻፍበት የተሰጠው አሮጌ ኩኪ ብሮውዘራቸው ውስጥ አለ፤ በአንድ ስም ሁለት ኩኪ ይላካል፣ ፒኤችፒ ደግሞ አንዱን ብቻ ያነባል። ሴሽን ኔሙን፣ ማለትም የኩኪውን ስም፣ በዋናው ሳይትም በሱቁም ወደ አዲስ ስም ቀይረው፤ ሁሉም አንዴ እንደገና ይገባል፣ በዚያው ያልቃል። ሴምሳይትን (ኩኪው ከሌላ ሳይት ሲጠራ ይላክ አይላክ የሚለውን ቅንብር) ላክስ ላይ ተወው፤ የአንድ ዶሜይን ሳብዶሜይኖች እንደ አንድ ሳይት ስለሚቆጠሩ «ነን» (None) የሚባለው ልቅ ምርጫ አያስፈልግህም።

አድራሻህ በዶት ኮም ዶት ኢቲ የሚያልቅ ከሆነ ኩኪ ዶሜይኑ ላይ የድርጅቱ ስም መኖሩን እይ። ባዶውን ኮም ዶት ኢቲ ከጻፍክ ብሮውዘሩ ኩኪውን አይቀበልም፤ ብዙ ድርጅቶች የሚጋሩት የሕዝብ ቅጥያ ነው። ሱቁ ወደፊት የራሱን ሌላ ዶሜይን ከያዘ ግን በኩኪ አይሆንም፤ ዋናው ሳይት አንዴ ብቻ የሚሠራ፣ በ60 ሰከንድ የሚሞት ኮድ ሰጥቶ ሱቁ ያንን በጀርባ ሰርቨር ለሰርቨር አጣርቶ የራሱን ሴሽን ይክፈት።