አስቸኳይ፦ የትልቁ ሻንጣ ዚፕ አልዘጋ አለ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወደ ደባርቅ ወጪ ነኝ

አራዳ_ጎንደር፦ ሰላም ለቤቱ። ጎንደር ያላችሁ ቶሎ በሉልኝ። የእንግዶች ስሊፒንግ ባግ የምጭንበት ትልቁ የሸራ ሻንጣ ዚፑ አልዘጋ አለኝ። ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ከኋላው ግን አፉን ከፍቶ ይቀራል። መኪናው ሌሊት ይመጣል፣ ከዚያ ስሜን ተራሮች ላይ በበቅሎ ነው የሚጫነው። በእሁድ ማታ ዚፕ የሚቀይር ማን አለ?

የማራኪ_ልጅ፦ የዚፑን ራስ፣ ያንን የሚጎተተውን፣ በፒንሳ ጠበቅ አድርገው። አለቀ።

ሳቂታው፦ በቅሎዋስ ምን አለች?

ሰፊው_ጋሼ፦ ልጄ፣ ዚፕ ሁሉ አንድ አይደለም። የብረት ጥርስ አለ፣ ወፍራም የፕላስቲክ ጥርስ አለ፣ እንደ ሽቦ የተጠቀለለ ናይለን አለ። ሻንጣ ላይ የምታየው አብዛኛውን ጊዜ ጥቅልሉን ነው። ራሱን ገልብጠህ ጀርባውን እይ፤ ብዙውን ጊዜ 5፣ 8 ወይም 10 የሚል ቁጥር አለበት። ቁጥሩ ሲዘጋ ያለውን የጥርሱን ስፋት በሚሊሜትር ያህል ይነግርሃል። 5 ለደብተር ቦርሳ ይበቃል፤ ለበቅሎ ጭነት ግን 10 በለው። ቁጥሩ ቢገጥም እንኳ የፕላስቲኩ ጥርስ ራስ ለጥቅልሉ አይሆንም፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ክሩም የጥጥ አይሁን፣ ናይለን ይሁን። በቤት ሲንጀር በቀጭን መርፌ ሸራ እሰፋለሁ የሚልህን አትስማው፣ መርፌውን ይሰብረዋል፤ 18 ቁጥር መርፌ ያስገባ።

አራዳ_ጎንደር፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እኔ ግን የጨነቀኝ ለዛሬ ማታ ነው። ፒንሳውን ሞክሬዋለሁ።

አዘዞ_ማዶ፦ ፒንሳ ሞክር ወንድሜ። ግራና ቀኙን ጫን።

አራዳ_ጎንደር፦ ኧረ ሞክሬያለሁ አልኩ እኮ!

እታለም_ቀበና፦ ፒንሳ ስትሉ የት ላይ እንደሚጫን ንገሩት እንጂ። ከፊቱ ሳይሆን ከጭራው በኩል ነው፣ የተዘጋው ጥርስ በሚወጣበት፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ፣ በትንሽ በትንሹ። የብዙው ዚፕ ራስ የዚንክ ቅልቅል ነው፣ በጉልበት ከተጫኑት ቀጭ ይላል። ደግሞ ዚፕ ልቀይር ማለትህ ራሱ አልገባኝም። ከኋላ የሚከፈት ዚፕ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ደኅና ነው፤ ራሱ ነው ተበልቶ የሰፋው። ጥርሱን በጥፍርህ ዳብሰው እስቲ።

አራዳ_ጎንደር፦ ጥግ ላይ፣ ከጫፉ አንድ ስንዝር ያህል ገባ ብሎ ጥቅልሉ ከጨርቁ ተላቅቋል። ሌላው ደኅና ይመስላል።

ዘመናዊ፦ ይህን ሁሉ ከምትለፋ አዲስ ሻንጣ ግዛ።

ሳቂታው፦ ብር ላክለት።

በቅሎ_ነጂ፦ ዚፑን የሚገድለው ዕድሜው አይደለም፣ እናንተ ናችሁ። ሻንጣው ላይ በጉልበት ተንበርክኮ መዝጋት ምንድን ነው? በቅሎ ላይ ጭነቱን የሚይዘው ገመድ እንጂ ዚፕ አይደለም። ዙሪያውን ሁለት ቦታ ጥፍር አድርገህ እሰር፣ ዝናብ ከፈራህ ዕቃውን አስቀድመህ በላስቲክ ጠቅልል። ሰላም እደር።

ጫማ_ሰፊ፦ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ሻንጣው ስንት ራስ አለው? እንዲህ ያለ ሻንጣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ራስ ፊት ለፊት አለው፣ ሰው ግን የለመደው አንዱን ነው። ሁለት ከሆነ ዛሬ ዚፕ አትግዛ። ያረጀውን ራስ በፒንሳ ቆርጠህ ጣል፣ ብዙ ያልሠራው ብቻውን ይበቃል። የቀረውን ራስ ወደ ደኅናው ክፍል አምጣና፣ የተላቀቀውን ስንዝር ግጥም አድርገህ በወፍራም መርፌና በናይለን ክር በእጅህ ስፋው፤ መጨረሻው ላይ ክሩን በጥርሱ ላይ አሳልፈህ እዚያው እየተመላለስክ አጥብቀው፣ ራሱ እዚያ ይቆማል። አፉ በአንድ ስንዝር ይጠባል፣ ስሊፒንግ ባግ ግን ይገባል። መርፌው አልበሳ ካለ በወስፌ ቀድመህ ብሳለት። ስትጨርስ ደረቅ ሳሙና ወይም ሻማ እሸው። ዘይት እንዳታስነካው፣ አቧራ ይሰበስብብሃል።

የማራኪ_ልጅ፦ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

እታለም_ቀበና፦ አላልክም።

አራዳ_ጎንደር፦ ሁለት አለው! ወስፌ ከጎረቤት ላምጣ።

ሰፊው_ጋሼ፦ ያ ለመንገድ ነው። ስትመለስ ቅዳሜ ገበያ ሂድና 10 ቁጥር በሜትር አስቆርጥ፣ ከአሮጌው አንድ ስንዝር አስረዝመህ፤ ራሱ ለብቻው ይሸጣል። አሮጌውን ስትፈታ ክሩን ብቻ በምላጭ፣ ሸራውን እንዳትነካ። አዲሱን በሁለት መስመር ይስፋልህ፣ አንድ መስመር ለጭነት አይበቃም።

አዘዞ_ማዶ፦ ምን ደረስክ ወንድሜ? ተዘጋ?

ዘመናዊ፦ ደባርቅ ገብቶ ይሆናል።

ብርቱካን_ጎ፦ እኔስ የልጄ ጃኬት ዚፕ፣ ታች የሚገጣጠመው ፒን ወልቆብኝ ነበር። በማስቲሽ ይያዛል?

ሰፊው_ጋሼ፦ አይይዝም፤ እሱ ሙሉ ዚፑ ይቀየራል። ለሱ ደግሞ ከታች የሚለያየውን ነው የምትገዢው፣ የሻንጣ ዚፕ አይሆንም። ሌላ ጥያቄ ክፈቺና ቁመቱን ጻፊልኝ።