“ጠይብ አይደለችም” ማለት ለምን ስድብ ሆነ?

ደብረ ማርቆስ ነኝ። በቋንቋ ፍልስፍና ስለ ስድብ ቃላት ትርጉም የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራሁ፣ ሸክላ ሠሪንና ቀጥቃጭን በመሰሉ ባለሙያዎች ላይ በሚወረወረው “ጠይብ” ላይ ተቸክያለሁ።

ቅዳሜ ገበያ አክስቴ ጀበና እያገላበጠች “ግዢ፣ ይቺ እንኳ ጠይብ አይደለችም” አለችኝ፤ ማመስገኗ መሆኑ ነው። ሻጯ ቀና ብላ አየቻት። ጀበናውን ከእጇ ተቀብላ መልሳ አስቀመጠችው። “አይደለችም” ስድቡን አላነሳውም።

ፈላስፋው ክሪስቶፈር ሆም ንቀቱ ያለው ትርጉሙ ውስጥ ነው ይላል። ታዲያ “አይደለም” ሲባል ለምን አብሮ አይሻርም? ሌሎቹ ፈላስፎች አንደርሰንና ሌፖር ደግሞ የሚያስቀይመው ትርጉሙ ሳይሆን የቃሉ መከልከል ነው ይላሉ። ይሄን ወድጄው ነበር፤ የኛው ታሪክ አፈረሰብኝ። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከለከሉ። የከለከሉት ግን ስለሚያስቀይም ነው፤ ስለተከለከለ አይደለም ያስቀየመው። ቃሉ ራሱ ከ“ጠቢብ” የመጣ ነው መባሉ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው።

አማካሪዬ እስከ ሰኞ አንድ አቋም ያዝ ብለውኛል። ስድቡ በ“አይደለም” የማይሻርበትን ምክንያት፣ ክልከላን መነሻ ሳያደርግ የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ የትኛው ነው?