በመሐላ የተጻፈ ወረቀት የምርጫ ክርክር ላይ ምን ያህል ይሠራል?

ናቲ_ገርጂ፦
ሰላም ቤቶች፣ ሕግ የምታውቁ እስቲ አንዴ አስረዱኝ። የ2022ቱን የኬንያ ምርጫ፣ በፈረንጆቹ ነው የምለው፣ የተከታተላችሁ ካላችሁ ተሸንፏል የተባለው ዕጩ የኦዲንጋ ወገን በመሐላ የተረጋገጠ ቃል ተሸክሞ ነው ፍርድ ቤት የገባው፣ የውጤት ማስተላለፊያው ሲስተም ተጠልፏል የሚል አለ፣ ቅጹ ላይ ያለው ቁጥር ተቀይሯል የሚል አለ፣ ጭራሽ ከምርጫ ኮሚሽኑ አራት ኮሚሽነሮች ሊቀመንበሩ ያወጣውን ውጤት አናውቀውም ብለው ነበር። ከዛ ሰባቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ ውድቅ! እኔ የሚገባኝ አንድ ሰው ከዋሸ እንደሚከሰስ እያወቀ ምሎ ከፈረመ ማስረጃ ነው በቃ፣ ውሸት ነው የሚል ካለ እሱ ያስረዳ። ወይስ መሐላው ለፎርማሊቲ ነው?

ጠበቃው_ልደታ፦
ናቲ፣ የማስረዳት ሸክሙን ገለበጥከው እኮ። ምርጫው ይፍረስልኝ ያለ ነው ማስረዳት ያለበት፣ ቃለ መሐላ ስላያያዘ ሸክሙ ወደ ሌላው አይዞርም። እኛም አገር እግድ ስንጠይቅ ቃለ መሐላ እናያይዛለን፣ ደግሞ ክስ ሁሉ ግርጌው ላይ "በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 92 መሠረት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ" ይላል፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን ማለት ነው፣ እሱን ስላልክ ያሸነፍክ ይመስልሃል? ተከሳሹም እኮ መልሱ ላይ ያንኑ ብሎ ፈርሟል 😂

ዳኛው መጀመሪያ የሚያየው ሰውየው ይሄን ነገር በምን አወቀው የሚለውን ነው። በዓይኑ አይቶ ነው ወይስ የስሚ ስሚ? የኬንያው ፍርድ ቤት ይሄን በደንብ ነው የተናገረው፣ ቃለ መሐላ ላይ የሚጻፈው ሰውየው በራሱ የሚያውቀውንና ሊያስረዳ የሚችለውን ብቻ ነው ብሎ፣ ጠበቆችንም በደንበኛችሁ ፈንታ አከራካሪ ነገር ላይ እየማላችሁ አትምጡ፣ ሳታውቁት በሐሰት ልትምሉ ትችላላችሁ ብሎ ገሥጿቸዋል። ሁለተኛ ደግሞ ወረቀቱን ከሌላ ነገር ጋር ማመሳከር ነው። ፍርድ ቤቱ በሬጅስትራሩ በኩል ዋናዎቹን 34ኤ የሚባሉትን የጣቢያ ቅጾች አስወጥቶ የኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ከተጫኑት ጋር አስተያየ፣ ለውጥ የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ሲስተሙ ተጠልፏል ለሚለው የቀረቡት ሎጎች፣ ማለትም ማን መቼ ሲስተሙ ውስጥ እንደገባ የሚያሳዩት መዝገቦች፣ ደግሞ ከፊሎቹ የ2017 ምርጫ ሆነው ተገኙ፣ ከፊሎቹ ፎርጅድ። እንግዲህ ሺህ ጊዜ ቢማልበት ምን ያደርጋል? አራቱ ኮሚሽነሮችም ቢሆኑ ቁጥሩ የቱ ጋ እንደተነካ አላሳዩም፣ ፍርድ ቤቱ በመጨረሻ ሰዓት የቢሮ ውስጥ ጠብ ምርጫ አላፈርስም ነው ያለው።

ዲሲ_ሸገር፦
እዚህ አሜሪካም በ2020 ያየነው እሱኑ ነው። የትራምፕ ሰዎች ቲቪ ላይ የቃለ መሐላ ክምር እያሳዩ ይሄን ሁሉ ማስረጃ ማን አየልን ሲሉ የኛ ሐበሾች ራሱ በየቴሌግራሙ "መቶ ሰው ምሎ እንዴት ውሸት ይሆናል" እያሉ ሲከራከሩ ነበር። ዲትሮይት ላይ የነበረውን ብታዩት ብዙዎቹ የማሉት ታዛቢዎች አልዋሹም፣ ያዩትን ነው የጻፉት፣ ግን ቆጠራው እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳው ኦሪየንቴሽን ላይ ስላልተገኙ የተለመደውን አሠራር ማጭበርበር አድርገው ነው የተረዱት፣ ዳኛውም እንደዛ ነው ያለው። የአሪዞናው ደግሞ የባሰ ነው፣ ኦንላይን ፎርም ከፍተው ያየ ይጻፍ አሉ፣ ከዛ ጠበቃው ራሱ ችሎት ላይ ውሸትና ስፓም የሆነውን አውጥተን ውሸትነቱን ማረጋገጥ ያልቻልነውን አመጣን አለ። ዳኛውም ውሸት እንደገባበት ራስህ ካመንክ በዚህ መንገድ የተሰበሰበውን እንዴት ልመነው ነው ነገሩ። እና ናቲ፣ ሰው ምሎ፣ ሳይዋሽም፣ ሊሳሳት ይችላል፣ ብዛቱም ምንም አይጨምርም።

ሚሚ_ዘ_ጉለሌ፦
ቆይ ቆይ፣ ሁላችሁም ወረቀት ዋጋ የለውም ልትሉን ነው እንዴ? ማላዊን ረሳችኋት። የ2019ኙ ምርጫ እኮ የፈረሰው በመሐላ ቃል ተጀምሮ ነው። ልዩነቱ እዛ ቃሉን የሰጠው ሰው ችሎት ፊት ቆሞ በመስቀለኛ ጥያቄ፣ በተቃራኒው ወገን ጠበቃ ጥያቄ ማለት ነው፣ ተፈትኗል፣ ከከሳሾቹ አንዱ የቀድሞው ምክትል ፕሬዚዳንት ቺሊማ ራሱ ሳይቀር ቆሞ ተጠይቋል። ክርክሩ ወራት ፈጀ፣ የውጤት ቅጾቹ አንድ ባንድ ወጡ፣ ቁጥሩ በፍሉድ ጠፍቶ ላዩ ላይ ሌላ የተጻፈበት ቅጽ በዓይን ታየ፣ ከዛ ነው አምስቱ ዳኞች በፌብሩዋሪ 2020 ምርጫው ይደገም ያሉት። ውሳኔውን አንብቦ ለመጨረስ ቀኑን ሙሉ ነው የፈጀባቸው። ድሮ በኛ አገር "ተጠየቅ"፣ "ልጠየቅ" እየተባባሉ ይሟገቱ የነበረው እኮ ለዚሁ ነው።

ኬንያ ላይ ግን ሕገ መንግሥቱ ለፕሬዚዳንት ምርጫ ክስ 14 ቀን ብቻ ነው የሚሰጠው። በኦገስት 22 ገብቶ በሴፕቴምበር 5 ተፈረደ። ከ46 ሺህ በላይ ጣቢያ ያለው ምርጫ በ14 ቀን! ምስክር አስቁመህ የምትጠይቅበት ጊዜ የት አለ፣ ሁሉም ነገር በወረቀት ነው የሚያልቀው። እና የማለው ሰው ሳይጠየቅ ዝም ብሎ "አላሳመነኝም" ማለት ለኔ ትንሽ ፍትሐዊ አይመስለኝም፣ እውነት የተናገረውም ከውሸታሙ ጋር አብሮ ነው የሚጣለው።

ጠበቃው_ልደታ፦
ሚሚ ነጥብሽ ገብቶኛል፣ መስቀለኛ ጥያቄን የሚያህል የለም፣ በሱ እስማማለሁ። ግን ሎጉ ፎርጅድ መሆኑን ለማወቅ መስቀለኛ ጥያቄ አላስፈለገም፣ ፎርጅድ ፎርጅድ ነው። ደሞ በዛው 14 ቀን እኮ ነው የ2017ቱን ያፈረሱት! ያኔ ፍርድ ቤቱ ሰርቨሩን ክፈቱ ብሎ ኮሚሽኑ እምቢ ስላለ እምቢታው ራሱ በኮሚሽኑ ላይ ተቆጠረበት።

ናቲ_ገርጂ፦
እሺ እሱስ ገባኝ። እና አንድ የፓርቲ ወኪል የምር ያየው ነገር ካለ ምን ብሎ ይጻፍ?

ጠበቃው_ልደታ፦
የጣቢያውን ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ ማን ምን እንዳደረገ፣ እሱ የት ቆሞ እንዳየው። "ተጭበርብሯል" የሚለውን ቃል ይተወው፣ እሱን ዳኛው ይበል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ውጤት ፎቶ ያንሳ፣ የተሰጠውን ኮፒ ይያዝ፣ እዛው ጣቢያው ላይ አቤቱታ አስመዝግቦ ከሆነ እሱን ያያይዝ፣ ካላስመዘገበ ለምን እንዳላስመዘገበ ይጻፍ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱን ነው።

ሚሚ_ዘ_ጉለሌ፦
ወራት መፍጀቱም ግን ዋጋ አለው፣ እሱን አልክድም። ማላዊ ላይ አሸነፈ የተባለው ሙታሪካ የሥልጣን ቃለ መሐላ ፈጽሞ ምርጫው እስኪደገም ከአንድ ዓመት በላይ ገዝቷል፣ የድጋሚው ምርጫ በጁን 2020 ነው የተካሄደው።