በፓች አንቴናና በከቨሩ መሃል ስንት ሚሊ ልተው?

ሽቦው፦ ሰላም ሰዎች፣ የ2.4 ጊጋኸርዝ ፓች (ጠፍጣፋ የመዳብ አንቴና) በኤፍአር4 (የተለመደው የፋይበርግላስ) ቦርድ ሰርቼ ያለ ከቨር ስለካው ቪኤንኤው (የአንቴና መለኪያው) ላይ ዲፑ፣ ማለትም አንቴናው በደንብ የሚሰራበት ፍሪኩዌንሲ፣ ልክ 2450 ሜጋኸርዝ ነበር፣ ባለ 3 ሚሊ የኤቢኤስ ፕላስቲክ ከቨር ሳለብሰው ግን ወደ 2390 ወረደብኝ። ከቨሩ ፓቹን ሊነካው ምንም አልቀረው፣ ቢበዛ 1 ሚሊ ነው። ውጭ ስለሚሰቀል ያለ ከቨር አይሆንም። ስንት ክፍተት ልስጠው?

ሞገድ፦ አንቴናህ ምንም አልሆነም፣ ፕላስቲኩ ነው። ከፓቹ ጠርዝ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ፊልድ በአየር ፈንታ ፕላስቲክ ውስጥ ሲያልፍ ፓቹ ሳይረዝም የረዘመ ያህል ይሆናል፣ ለዛ ነው ፍሪኩዌንሲው የሚወርደው። ፊልዱ ደግሞ ጠርዙ አካባቢ ስለሚሰበሰብ 5 ሚሊ እንኳን ብታገኝ አብዛኛው ይስተካከላል። ስፔሰር (ክፍተቱን የሚይዝ ድጋፍ) ጣልበትና ድጋሚ ለካው።

ዲሽ_ሰሪ፦ እኔ የማውቀው ግማሽ ሞገድ (የሞገዱን ርዝመት ግማሽ) መተው እንዳለበት ነው። እዚህ 6 ሳንቲም ሊሆን ነው እኮ!

ሞገድ፦ እሱ ከከቨሩ ተመልሶ የሚመጣውን ሪፍሌክሽን ለማስማማት ነው። 77 ጊጋኸርዝ የመኪና ራዳር ላይ ግማሽ ሞገድ ማለት 2 ሚሊ ገደማ ስለሆነ ይሰራል፣ ፕላስቲኩም ከሞገዱ አንጻር ወፍራም ስለሚሆን የግድ ነው። በ2.4 ግን 3 ሚሊ ኤቢኤስ በጣም ስስ ነው፣ ሪፍሌክሽኑ እዚህ ግባ አይባልም። 6 ሳንቲም ትተህ ሳጥን ልትሸከም ነው እንዴ 😂

ብየዳ፦ ቦታ ከሌለህ ሌላም መንገድ አለ፣ ከቨሩን ባለበት ተወውና ፓቹን አሳጥረው። ከ2390 ወደ 2450 ለመመለስ 2.5 ፐርሰንት አካባቢ ነው የሚቀነሰው፣ ፓችህ 29 ሚሊ ከሆነ 0.7 ሚሊ መሆኑ ነው፣ በስለት ቀስ እያልክ ፋቀው። ግን ክፍተቱ መንቀሳቀስ የለበትም፣ በ1 ሚሊ ክፍተት ፕላስቲኩ በፀሐይ ትንሽ ከጎበጠ ቱኒንግህ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ እኔ ብሆን መጀመሪያ ክፍተቱን አስፍቼ፣ አራቱንም ጥግ በናይለን ስፔሰር አስሬ፣ የቀረውን ነው የምፍቀው፣ ሁሌም ከቨሩ እንደለበሰ እየለካህ።

ሽቦው፦ 6 ሚሊ ስፔሰር አስገብቼ ለካሁት፣ 2444 መጣ! መፋቅም አያስፈልገውም። ከቨሩን ቀለም ብቀባውስ?

ብየዳ፦ ብረት ዱቄት ያለበት፣ ያ የሚያብለጨልጨው እንዳይሆን እንጂ ተራ ቀለም ስስ አድርገህ ብትቀባው ችግር የለውም። ከቀለሙ ይልቅ ውሃ ያስፈራኛል፣ ውስጥ ገብቶ ፓቹ ላይ ከተኛ ከፕላስቲኩ በጣም የባሰ ያወርደዋል፣ ከታች በኩል ትንሽ ቀዳዳ ብሳለት።