የተፋታ አባት መሳቂያ መሆኑ ልክ ነው? የኪርክ ቫን ሃውተን ጉዳይ

ክርክሩን የከፈተው፦
የዛሬው ጥያቄ ከአባሎቻችን አንዱ ያመጣው ነው። ሲምፕሰንስ የሚባለውን የአሜሪካ ካርቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እዚያ ውስጥ ኪርክ ቫን ሃውተን የሚባል ሰው አለ፤ የዋናው ቤተሰብ ልጅ የባርት የልብ ጓደኛ የሆነው የሚልሃውስ አባት ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1996 በታየው ክፍል ከሚስቱ ከሉዋን ጋር ይፋታና ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ይበላሽበታል። የተፋታ አባት እንዲህ መሳቂያ መደረጉ ልክ ነው ወይስ አይደለም? ስድብ የለም፣ ሐሳብ ብቻ።

የማታ ፈረቃ፦
ጥያቄው የኔ ነው፣ ስለዚህ ልጀምር። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከተፋታሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ልጄ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሁድን እኔ ጋ ያሳልፋል። ባለፈው አብረን ይህንን ክፍል አየን። ኪርክ አዲሱን አፓርታማውን ለባርት አባት ለሆመር ያሳየውና የእሽቅድምድም መኪና ቅርጽ ያለው የሕፃን አልጋ ላይ እንደሚተኛ በኩራት ይነግረዋል። ልጄ በጣም ሳቀ። ከዚያ ግድግዳው ሥር ያነጠፍኩለትን ፍራሽ አየና ሳቁን አቆመ። እሱም ምንም አላለም፣ እኔም ምንም አላልኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ክፍሉን ብቻዬን ደግሜ አየሁት። መጀመሪያ ላይ ሲምፕሰኖች ቤት ግብዣ አለ፤ በስዕል ቃል የማስገመት ጨዋታ ይጫወታሉ። ለኪርክ የደረሰው ቃል «ክብር» ነው። ይስላል፣ ሚስቱ ግን ልትገምተው አልቻለችም፤ ጠቡ ከዚያ ይነሳና ትዳሩ እዚያው ማዕድ ላይ ይፈርሳል። ቀጥሎ ከሥራ ይባረራል። የሚሠራው ጨዋማ ብስኩት የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ የሚሰጡት ምክንያት ደግሞ ብስኩት የቤተሰብ ምግብ ስለሆነ ላጤ አያስፈልገንም የሚል ነው። ቀጥሎ የያዛት ሴት መኪናውን ይዛ ትጠፋለች። በመጨረሻ ሰው በተሰበሰበበት ለሉዋን ዘፍኖላት እንደገና እንጋባ ሲላት እምቢ ትለዋለች።

እኔን ያመመኝ መሳቁ አይደለም። ብስኩት ፋብሪካው ላይ እኔም ስቄአለሁ፣ ምክንያቱም እዚያ የሚሳቅበት አሠሪው ነው። አልጋው ላይ ግን የሚሳቀው በድህነቱ ነው። ቤቱን ለልጁ እናት ትቶ የወጣ ሰው ባዶ ክፍል ውስጥ ያገኘው ላይ ይተኛል፤ ይሄ ምኑ ነው የሚያስቀው?

ካርቱን ወዳድ፦
ወንድሜ ሐዘንህ ይገባኛል፣ በሐሳብህ ግን አልስማማም። ሲምፕሰንስ ውስጥ የማይሳቅበት ሰው ማን አለ? ሆመር ራሱ ሚስትና ሦስት ልጆች ይዞ ከኪርክ የባሰ ሞኝ ነው። ፖሊሱም፣ ከንቲባውም፣ ቄሱም ይሳቅባቸዋል። ኪርክን ብቻ ለይታችሁ አውጡልን ብትል የተፋታ ሰው ከሌላው ያነሰና የሚታዘንለት ነው እንደማለት ይሆናል።

ሌላም አለ። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ላይ የተጣላ ባልና ሚስት በዚያው ዕለት ፕሮግራም ውስጥ ይታረቅ ነበር። የዚያ ዘመን አዘጋጆች ቢል ኦክሊና ጆሽ ዋይንስታይን ግን ሆን ብለው ፍቺው እንዲጸና አደረጉ። ኪርክና ሉዋን እንደገና ሲጋቡ የታየው በ2007 ነው፣ ከ11 ዓመት በኋላ። ወላጆቹ የተፋቱበት ልጅ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ ሁሉም ይታረቃል የሚል ውሸት አልተነገረውም። ለኔ ይሄ አክብሮት ነው። እኔ ራሴ ወላጆቼ ሲፋቱ የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ዘመድ ሁሉ «ሽማግሌ ተልኳል፣ ይታረቃሉ» እያለ ሁለት ዓመት በተስፋ አስቀመጠኝ። እውነቱን የነገረኝ አልነበረም።

የማታ ፈረቃ፦
ፍቺው መጽናቱ ትልቅ ነገር ነው፣ ተቀብዬሃለሁ። የሆመሩን ግን አልቀበልም። ሆመር ምንም ያህል ቢያጠፋ ማታ ቤቱ ይገባል፣ ሚስቱ ማርጅ አለች፣ ልጆቹ አሉ። የሱ ቀልድ እቅፍ ውስጥ ነው የሚያልቀው። እዚሁ ክፍል ላይ እንኳን የኪርክን ውድቀት አይቶ ፈርቶ ትዳሩን እንደ አዲስ ያድሳል። ኪርክ ታዲያ ምን ሆነ? የሌላው ሰው ማስጠንቀቂያ ሆኖ ቀረ። የሚልሃውስ አባት መሆኑም ከውርደቱ በታች ተረሳ።

ደግሞ ጊዜውን አስቡት። ክፍሉ በታየበት በ1996፣ ኦገስት 22 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የድጎማ ማሻሻያ ሕግ፣ የልጅ ቀለብ ያልከፈለ ሰው መንጃ ፈቃዱ የሚታገድበት ሕግ ስቴቶች ሁሉ እንዲኖራቸው አስገደደ። ገንዘብ እያለው የሚሸሸውን አባት ለመያዝ ልክ ነው። ግን በፍቺው ምክንያት ሥራ ያጣውስ? ከሥራ ተባረርክ፣ ቀለቡን አልከፈልክም፣ መንጃ ፈቃድህ ታገደ፣ ያለ መኪና ደግሞ በዚህ አገር ሥራ ማግኘት ዘበት ነው። ኪርክ ላይ የደረሰውን ተመልከቱ፦ መጀመሪያ ሥራው፣ ከዚያ መኪናው። ሕጉ ከወጣ ከሦስት ወር በኋላ ቴሌቪዥኑ ይህንኑ ሰው ለሳቅ አቀረበው።

እናት ነኝ፦
እኔ ደግሞ ከሌላ በኩል ልምጣ። ሁለታችሁም ስለ ኪርክ ነው የምታወሩት። ሉዋንን ያያት አለ? ከፍቺው በኋላ ፓይሮ የሚባል ጡንቸኛ የቴሌቪዥን ግላዲያተር ይዛ ትታያለች፤ ደስተኛ፣ ነፃ፣ ምንም ያልጎደላት። እኔ ስፈታ ጠዋት የሰው ቤት አጸዳ ነበር፣ ማታ አዛውንት እጠብቅ ነበር። ትኩሳት የያዘው ልጅ ይዤ አውቶቡስ ጠብቄአለሁ። አባትየው ለአንድ ዓመት ከምናምን ቀለብ አልላከም። ሰው ግን «እሷ ተመቻት፣ እሱ ተጎዳ» ይል ነበር፣ ልክ ካርቱኑ እንዳሳየው። ለኔ ትልቁ ውሸት ሉዋን ናት።

ሕጉን በተመለከተ ደግሞ፣ ወንድሜ፣ ያለ ምክንያት አልመጣም። የፌዴራል መንግሥቱ የልጅ ቀለብ ማስከፈያ ከ1975 ጀምሮ አለ። እስከ 1996 ድረስ ሃያ አንድ ዓመት ተሠርቶም ገንዘቡን ያላዩ እናቶች ብዙ ስለነበሩ ነው ሕጉ የጠነከረው።

የማታ ፈረቃ፦
እህቴ፣ ትክክል ነሽ። ስለ ሉዋን እንዲህ አላሰብኩም ነበር። የኔም ልጅ እናት እንዳንቺ ትሮጣለች፣ እኔ ግን የማየው የኔን ባዶ ክፍል ብቻ ነበር። ይህንን እቀበላለሁ።

አንድ ነገር ግን አልለቅም። ይሄ ቀልድ በ1996 አልቀረም። በ2017 ሪክ ኤንድ ሞርቲ የሚባለው ካርቱን ላይ ጄሪ የሚባል ሥራ የሌለው አባት ሲፈታ ነፋሱ ራሱ ተሸናፊ እያለ ያንሾካሹክበታል። ሃያ አንድ ዓመት አልፎ ያው ሰውዬ፣ ያው ባዶ ክፍል ነው። ልጆቻችን ከቤት የወጣ አባትን የሚያውቁት በዚህ መልክ ብቻ ከሆነ፣ ቅዳሜ በሩን ሲከፍትላቸው ማንን ነው የሚያዩት? ጸሐፊዎቹ ቀልዱን ይተውት አልልም። አንድ ቅዳሜ ያሳዩን። ኪርክ ለልጁ እንቁላል ሲጠብስና ሲያሳርረው ይሳቅ፣ ምንም አይደለም፣ ግን አባት ሆኖ ይሳቅበት።

ካርቱን ወዳድ፦
የተቃጠለ እንቁላሉን እስማማለሁ። አባቴ ያበስልልኝ የነበረው እሱን ብቻ ነው። አልጋው ላይ ግን አሁንም እስቃለሁ፣ አትቀየመኝ።

እናት ነኝ፦
ቆይ ግን፣ ልጅህስ? ከዚያ በኋላ አወራችሁ?

የማታ ፈረቃ፦
ማታ ላይ ኪርክን ለምን እንዳባረሩት ጠየቀኝ። ስለ ሥራው፣ ስለ ሕጉ የማውቀውን ነገርኩት። ስለኛ ምንም አላነሳም፣ እኔም አልገፋሁትም። እሁድ እናቱ ልትወስደው ስትመጣ ነጠላ ጫማውን ቦርሳው ውስጥ ልከትለት ስል «ተወው፣ እዚህ ይቀመጥ» አለኝ። በሩ ሥር አለ።